የባሕር ሳማ

ስልኩ የጮኸው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰኔ ነው፤ የደብረ ማርቆስ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እኔ የተማሪ ፈተና እያረምሁ ነበር።

የደወለው የአጎቴ ልጅ ነው። ከባድ መኪና ይነዳል፤ ጅቡቲ ወርዶ ጭኖ ይመለሳል። በሦስት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ።

«የኔታ!» አለኝ። አስተማሪ ከሆንሁ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ባሕር ውስጥ ሳማ ይበቅላል እንዴ?»

«ምን ሆንህ ጋሼ?»

«ለበለበኝ እኮ! ክንዴን እሳት አስመሰለው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደቡ ላይ ጭነት ሲጠብቁ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። ሙቀቱ አይጣል ነው። ከሾፌሮቹ ጥቂቶቹ ትንሽ ቀዝቀዝ እንበል ብለው ውሃ ገቡ። እሱም ገባ። አንድ አሮጌ የጀልባ ገመድ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሏል። ገመዱ ላይ ነጭ ላባ የመሰለ ነገር ወጥቷል። ክንዱ ነካው፤ በቃ። መጀመሪያ እንደ መርፌ ወጋው፣ ከዚያ ፋመ፣ ከዚያ ቀይ ሽፍታ ሆኖ ወጣ።

ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አንዱ የክንዱ ነው፤ እሱን ሳይ ሆዴ ባባ። ሁለተኛው ገመዱን ስበው አውጥተው ያነሡት ነው። ጠቆር ያለ ግንድ፣ ከግንዱ ግራና ቀኝ የወጡ ነጫጭ ቅርንጫፎች፣ ቁመቱ ስንዝር የሚሞላ። የዶሮ ላባ ውሃ ነክሮ ገመድ ላይ የሰካ ሰው ያለ ይመስላል።

«ይህ ሳማ አይደለም» አልሁት። «ተክልም አይደለም። እንስሳ ነው።»

ዝም አለ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ስማኝማ» አለኝ በመጨረሻ። «ግንድ አለው። ቅርንጫፍ አለው። ገመድ ላይ ተተክሏል። እንስሳ ከሆነ በምኑ ነው የሚሄደው?»

የፈተናውን ወረቀት ወደ ጎን አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ያወራነውን፣ እሱ ከተኛ በኋላም ያነበብሁትን ነው እዚህ የምጽፈው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ባሕር ዳር ተምሬያለሁ፤ ጣናንም አገሬው ባሕር ይለዋል። ጨው ያለውን፣ ዳር የሌለውን ግን አላየሁም። ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል ስለ ጄሊፊሽና ስለ ኮራል ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ አስተምሬያለሁ። ሥዕሎቹን ከመጽሐፍ ነው የቀዳኋቸው። አንድ ጎበዝ ተማሪ «ቲቸር፣ አይተውት ያውቃሉ?» ብላ የጠየቀችኝ ቀን ጠመኔው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

የጋሼ ላባ ሃይድሮይድ ይባላል። አንድ እንስሳ እንኳ አይደለም፤ ማኅበር ነው። በነጩ ቅርንጫፍ ላይ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ጽዋዎች ተደርድረዋል። በየጽዋው ውስጥ አንድ ፖሊፕ ተቀምጧል፤ አፍ አለው፣ ሆድ አለው፣ በአፉ ዙሪያ ምግብ የሚይዝባቸው ቀጫጭን እጆች አሉት። ሁሉም ከውስጥ በአንድ ቱቦ ተያይዘዋል። አንዱ የበላው ለሌላው ይደርሳል። ሥራም ተከፋፍለዋል፦ አንዳንዱ ይበላል፣ አንዳንዱ ይወልዳል፣ አንዳንዱ ዘብ ይቆማል። ከላይ የሚያዩት ግንድ አካሉ ራሱ ሳይሆን ልብሱ ነው። የነፍሳት ቅርፊት ከሚሠራበት ከካይቲን የተበጀ ነው። በምኑ ይሄዳል ላልኸኝ ጋሼ፣ አይሄድም። ምግቡ በውሃ ተነድቶ ይመጣለታል። ለተቀማጭ ሰው የሚመች ኑሮ ነው።

ሳማ ማለቱ ግን ቀልቤን ሳበው። የእኛ ሳማ ፀጉሩ ባዶ መርፌ ነው። ሲነኩት ጫፉ ይሰበርና ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቆዳ ይገባል። የባሕሩ ደግሞ በየሕዋሱ ውስጥ ጥምጥም ክር የያዘ ትንሽ ከረጢት አለው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ግፊት ሃይድራ በሚባል ዘመዱ ላይ ሲለካ ወደ 150 ባር ደርሷል፤ የመኪና ጎማ ሁለት ወይም ሦስት ባር ነው። (የጋሼ ከባድ መኪና ጎማ እንኳ ቢበዛ ስምንት ወይም ዘጠኝ ነው።) ሲነካ ይፈነዳል። የሚወጋው ጫፍ የሚወረወረው ከአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ክንዱ ገና «ነካሁ» ሳይል ተወግቶ አልቋል።

እነዚህ እንስሳት ሁሉ፣ ማለትም ጄሊፊሹ፣ ኮራሉ፣ ሃይድሮይዱ፣ የሚጠቃለሉበት ታላቁ ክፍል ናይዳሪያ ይባላል። ስሙ የመጣው «ክኒዴ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ክኒዴ ማለት ሳማ ማለት ነው። አሪስቶትል ራሱ ባሕር ውስጥ የሚለበልቡትን ፍጥረታት የጠራቸው በሳማ ስም ነበር። እንግዲህ ጋሼ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠው ሰውዬ፣ ክንዱን እያከከ በአንድ ቃል መደባት። እኔ ዲግሪዬን ይዤ «ሳማ አይደለም» ብዬ አረምሁት። ማን ማንን ማረም እንደነበረበት እናንተ ፍረዱ።

ተክል ነው እንስሳ የሚለው ክርክርም ቢሆን የጋሼ ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ ጆን ኤሊስ የሚባል ነጋዴ ነበር። በ1750ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ካልሆነ እነግራችኋለሁ) የደረቁ የባሕር ዕፅዋትን ወረቀት ላይ እየለጠፈ የአገር መልክ ያለው ሥዕል ይሠራ ነበር። ለጌጥ ነው። ዛፍ እንዲመስሉለት የሚያደራጃቸው ቅርንጫፋማ ነገሮች ግን በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ጽዋ በጽዋ ሆነው ተገኙ። ባሕር ዳር ወርዶ በሕይወት እያሉ አያቸው። እጃቸውን ዘርግተው ይበላሉ! በ1755 እንስሳት ናቸው የሚል መጽሐፍ አወጣ።

ከእሱ በፊት በ1740 አብርሃም ትረምብሌ የሚባል ሰው ሄግ አጠገብ የአንድ መኳንንት ልጆች ያስተምር ነበር። እንደ እኔ አስተማሪ ነው፤ ለዚህ ነው የምወደው። ከኩሬ ውሃ ውስጥ አረንጓዴ ነገር አገኘ። ተክል ይሁን እንስሳ ለመለየት ለሁለት ቆረጠው። እንስሳ ከሆነ ይሞታል ብሎ ነው። ሁለቱም ቁራጭ ሙሉ ሆኖ አደገ። መልሱን ያገኘ መስሎት ጥያቄውን አባሰው። ያ ፍጥረት ዛሬ ሃይድራ የሚባለው ነው፤ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር የሃይድሮይዶች ዘመድ።

ካርል ሊንየስ በ1758 የፍጥረትን ሁሉ መዝገብ ሲያወጣ እነዚህን ከትሎች ክፍል ሥር «ዞኦፋይታ» ብሎ አስቀመጣቸው። የእንስሳ ተክል እንደማለት ነው። ሁለቱንም ወገን ላለማስቀየም የተሰጠ የሽማግሌ ፍርድ ይመስላል። ቢሆንም የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም ሕጋዊ ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ መጽሐፍ ነው።

አሁን ወደሚያስቸግረው እንግባ። ብዙ ሃይድሮይዶች የሚወልዱት ራሳቸውን የመሰለ ልጅ አይደለም። ከቅርንጫፉ ላይ እንደ እንቡጥ ያብጥና ትንሽ ጄሊፊሽ ሆኖ ተቀንጥሶ ይዋኛል። ሜዱሳ ይሉታል። ሜዱሳው እንቁላልና ዘር ይጥላል። ከዚያ የሚፈለፈለው እጭ ድንጋይ ወይም ገመድ ላይ ይቀመጥና ተመልሶ ዛፍ ይሆናል። አባት ዛፍ፣ ልጅ ዋናተኛ፣ የልጅ ልጅ ደግሞ ዛፍ። የጥንት ሊቃውንት ይህን አላወቁም። ዛፉን የሚያጠናው ሰው ለዛፉ ስም ያወጣል። ዋናተኛውን የሚያጠናው ሌላ ሰው ለዋናተኛው ሌላ ስም ያወጣል። የተለያየ ቤተሰብ፣ የተለያየ መጽሐፍ። ኋላ አንዱ ከሌላው ሲወለድ ሲታይ ጉድ ተባለ።

ለተማሪ የሚሣለው ኦቤሊያ የሚባል ሃይድሮይድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኦቤሊያ የሚለው ስም በ1810 የወጣው ለሜዱሳው ነው። ዛፉ ግን ከሊንየስ ጀምሮ ሰርቱላሪያ፣ ላኦሜዲያ፣ ካምፓኑላሪያ ሲባል ኖሯል።

ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እኛ ሁላችን ሁለት ስም አለን። አንዱ የክርስትና ነው፣ ቄሱ ብቻ የሚጠራው። ሌላው እናት ያወጣችው ነው። ቀበሌ አንዱን ያውቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ሌላውን። ጎጃምን የገዙት ራስ አዳል በ1881 ንጉሥ ሲሆኑ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ታሪክ የማያውቅ ሰው ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ቢያገኝ ሁለት ገዥ ቆጥሮ ይሄዳል። የባሕር ሊቃውንትም የሆኑት እንደዚሁ ነው፤ ብቻ እነሱ የሚያወያዩት ዕድሜ ጠገብ ሰው አላገኙም። (ጎጃም ላይ ስለ ሁለት ትርጉም ሲወራ ሰምና ወርቅ መጥቀስ ግዴታ ይመስላል። ይቅር፤ ስንት ጊዜ እንጥቀሰው!)

ሁለት ስም ለአንድ ሲሆን ቀላል ነው። ቀድሞ የወጣው ይጸናል፣ የቀረው ይሰረዛል። መከራው አንድ ስም ለብዙ ሲሆን ነው። የት የት ይገኛል የሚለው ጥያቄ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

የአያቴን ነገር ላንሣ። አያቴ ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወርዱ ካለች መንደር ናቸው። በእሳቸው ዘመን መሬት በርስት ነበር። ርስት ማለት ቆጠራ ነው። አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ እስከ ራስህ ድረስ ትቆጥራለህ። በአባትም በእናትም መቁጠር ይቻላል። ስለዚህ ጎበዝ ቆጣሪ በአንድ ደብር በአባቱ፣ በሌላው ደብር በእናቱ ወገን ይጠይቅ ነበር። አያቴ እንደሚያወሩት አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ሰው ተነሣባቸው። የእነሱን አቅኚ አባት ስም ጠራ፣ ልጅ በልጅ ወረደ፣ ራሱ ላይ ደረሰ። ስሞቹ ልክ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት «የእኛው ሰውዬ ሚስቱ ማን ነበረች?» ብለው ጠየቁት። ሌላ ስም ጠራ። ስሙ አንድ ነው እንጂ ሰውዬው ሌላ ነው። ሙግቱ እዚያው አለቀ።

በእኛ አቆጣጠር የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ መጥቶ ርስቱንም ሙግቱንም ጠራረገው። የአያቴ ቆጠራ ግን በጆሮዬ አለ። ሃይድሮይድ ሳነብ የምሰማው እሱን ነው።

ኦቤሊያ ጀኒኩላታ የሚባል ዝርያ አለ። ግንዱ እንደ ጉልበት እየታጠፈ ዚግዛግ የሚሄድ ነው፤ ስሙም ከጉልበት የመጣ ነው። ሊንየስ ራሱ በ1758 የመዘገበው። ከሰሜን አትላንቲክ እስከ ጃፓን፣ እስከ ኒውዚላንድ «አለ» ተብሎ ተጽፏል። ብሪታንያዊው ፖል ኮርኔሊየስ በ1975 የኦቤሊያን ስሞች ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሾ አብዛኞቹ ትርፍ ናቸው ብሎ ወደ ጥቂት ዝርያዎች ሰበሰባቸው። በመልክ ልክ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2005 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ግን የጃፓኑና የኒውዚላንዱ ከሰሜን አትላንቲኩ በጣም የራቁ መሆናቸውን አሳየ። ጉልበታቸው ያው ነው፣ ስማቸው ያው ነው፤ ሚስቱ ግን ሌላ ነች። ያን ሁሉ ባሕር የያዘ የመሰለው ርስተኛ ቢያንስ ሦስት ሰው ሆኖ ወጣ።

የተገላቢጦሹም አለ። ቱሪቶፕሲስ ዶርኒ የተባለው በ1883 ነው ስም የተሰጠው። ስሙ ኔፕልስ ላይ የባሕር ጥናት ጣቢያ ላቋቋመው ለአንቶን ዶርን መታሰቢያ ነው። ይህ ዝርያ «የማይሞተው ጄሊፊሽ» እየተባለ ኢንተርኔቱን ያጥለቀለቀው ነው። ሜዱሳው ሲጎዳ ወይም ሲራብ ወደ ፖሊፕነት ይመለሳል። እኔ ስለ አለመሞቱ የሚወራው ትንሽ ይበዛል ባይ ነኝ፤ ዓሣ ሲበላው ይሞታል። የሚገርመኝ ሌላው ነገሩ ነው። በሞቃት ባሕር ያሉት ሜዱሳዎች ስምንት እጅ ብቻ አላቸው። በቀዝቃዛው ያሉት እስከ 24 ይደርሳሉ። ሰው አይቶ የተለያዩ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። በ2009 የታተመ ጥናት ግን ከፓናማ፣ ከጃፓን፣ ከጣሊያን የተወሰዱት በዲኤንኤ አንድ መሆናቸውን አሳየ። በመርከብ ተሳፍረው ነው የዞሩት። መርከብ ጭነት ሲያራግፍ ሚዛን እንዲጠብቅ ሆዱን በባሕር ውሃ ይሞላል፤ ሌላ ወደብ ሄዶ ይደፋዋል። ከውሃው ጋር ስንት መንገደኛ እንዳለ አስቡት።

ይህን ስነግረው ጋሼ ሳቀ። «ያለ ቲኬት ተሳፋሪ ነው በለኛ» አለ።

የእሱ ላባስ? ከፎቶው የገመትሁት ማክሮሪንኪያ ፊሊፒና የሚባለውን ነው። ነጭ ላባ፣ ጠቆር ያለ ግንድ፣ ክፉ ልብለባ። ጠላቂ ዋናተኞች በደንብ ያውቁታል። ስም ያወጣለት ጉስታቭ ኪርሸንፓወር ነው፤ በ1872። ሰውዬው የሐምቡርግ ከንቲባ ነበር። እውነተኛ ከንቲባ፣ ያውም ደጋግሞ የተመረጠ። ከሥራው ጎን ሃይድሮይድ ያጠና ነበር። ኤልበ ወንዝ ባሕር ሲገባ ለመርከብ ምልክት የሚንሳፈፉ በርሜሎች አሉ፤ በ1862 እነሱ ላይ ስለሚበቅሉት ፍጥረታት ጽፏል። ወደብ ያለው ከተማ ከንቲባ መሆን ጥቅሙ ይህ ነው። የእኛ ከተማ ከንቲባ ምን እንደሚያጠና አልጠየቅሁም።

ዝርያው ፊሊፒና የተባለው ከፊሊፒንስ ነው። ስሙ ግን አንድ ቦታ ረግቶ አልተቀመጠም። ከንቲባው በመጀመሪያ አግላኦፌኒያ በሚለው ትልቅ ወገን ሥር ማክሮሪንኪያ ብሎ እንደ ንዑስ ክፍል ነበር ያስገባው። በኋላ ብዙ መጻሕፍት ላይቶካርፐስ ፊሊፒነስ ብለው ጻፉት። አሁን ተመልሶ ማክሮሪንኪያ ነው። የድሮ ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ሦስቱንም ስም መፈለግ አለበት። ቆጠራው ከላይ ወደ ታች እንዲህ ይወርዳል፦ ናይዳሪያ ሃይድሮዞአን ወለደ፣ ሃይድሮዞአ ሌፕቶቴካታን ወለደ፣ ማለትም ፖሊፓቸው በጽዋ የሚቀመጠውን። ሌፕቶቴካታ አግላኦፌኒዴን፣ የላባዎቹን ቤተሰብ ወለደ፤ አግላኦፌኒዴም ማክሮሪንኪያን ወለደ። የዳዊት ንባብ ያደገበት ሰው ይህን ለመሸምደድ አይቸገርም።

የሚገኝበት አገር ዝርዝሩ ረጅም ነው። ቀይ ባሕር፣ ሕንድ ውቅያኖስ፣ ፓሲፊክ፣ ሞቃታማው አትላንቲክ። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲትራኒያን የሚሻገሩ ፍጥረታት ብዙ ናቸው፤ ይህም በሊባኖስ ዳርቻ ተገኝቷል። ምድርን በወገቧ ዙሪያ ታጥቋታል ማለት ይቻላል።

እኔን የከነከነኝ ግን ይህ ነው። የዚህ ዝርያ ዋናተኛ ልጅ ሙሉ ሜዱሳ አይደለም። አፍ የለውም፣ አይበላም፣ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ዋኝቶ ዘሩን ጥሎ ያልቃል። በጥቂት ሰዓታት ውቅያኖስ አይሻገሩም። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ በገመድ፣ በእንጨትና በመርከብ ሆድ ላይ ተጣብቆ ተጉዟል። ወይ ደግሞ ያ ሁሉ ርስተኛ አንድ ሰው አይደለም። እኔ ሁለቱም አለበት ባይ ነኝ፤ አሮጊቷ ግን ገና አልተጠየቁም። የእኛ ሳማ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ኡርቲካ ሲሜንሲስ ይባላል፤ የተሰየመው በሰሜን ተራሮች ነው፣ አገሩም ኢትዮጵያ ብቻ ነው። በጾም ወጡን በልተን፣ በልጅነት ተለብልበንበት፣ ከአጥር ሥር ሁልጊዜ እናገኘዋለን።

«እኛ ጋ ግን ይህ ነገር ኖሮ አያውቅም አይደል?» አለኝ ጋሼ።

ይህን ሲጠይቀኝ ደጀን ትዝ አለኝ። ልጅ እያለን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ዛጎል ያለበት ድንጋይ እናገኝ ነበር። አያቴ «የኖኅ ውሃ ያመጣው ነው» ይሉ ነበር። ውሃ መሆኑን አልሳቱም። ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል ሸለቆው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሲሰነጠቅ የድንጋዩን ገጾች ገልጦታል። ከላይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ። ከዚያ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ዛጎሉም የኮራሉ ቅሪትም ያለው እዚያ ነው። ከዚያ በታች ጂፕሰም አለ፣ ባሕር ተንኖ የተወው ዝቃጭ። ያ ባሕር ጎጃም የነበረው በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ሃይድሮይድ ገላው ለስላሳ ነው፣ ድንጋይ ሆኖ አይቀርም ማለት ይቻላል። ዛጎሉን ያኖረ ባሕር ላባውን ነፍጎ ነበር ብዬ ግን አላምንም። ማስረጃ ግን የለኝም፤ ፍርድ ቤት አታቁሙኝ።

ጋሼ ከጅቡቲ ተነሥቶ ማርቆስ እስኪገባ ሁለት ባሕር ያቋርጣል። አንዱን በክንዱ ነካው። ሌላውን በሁለተኛ ማርሽ ይወጣዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በዚህ የተሳሳተ ሰው አለና። በ1883 አንድ ጀርመናዊ ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ጄሊፊሽ አየ። ሊምኖክኒዳ ይባላል፣ የሃይድሮይድ ወገን ነው። ጄሊፊሽ ሐይቅ ውስጥ! እንግሊዛዊው ጆን ሙር ይህንንና የባሕር የሚመስሉትን የሐይቁን ቀንድ አውጣዎች ይዞ «ታንጋኒካ የጥንት ባሕር ቅሬታ ነው» አለ። በ1896 እና በ1899 ሄዶ ሐይቁን አጠና። ነገሩ አልሆነም። ሐይቁ የመሬት ስንጥቅ ውሃ የሞላበት ነው። ጄሊፊሹም በኋላ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ፣ በሌሎች የአፍሪካ ውሃዎችም ተገኘ። እንግዲህ ታንጋኒካ ጄሊፊሹ አለ፣ ባሕሩ አልነበረም። ዓባይ በረሃ ባሕሩ ነበር፣ ጄሊፊሹን የሚያሳይ የለም። አንድ ፍጥረት የተገኘበት ቦታ ስለ ቦታው ታሪክ ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። ጋሼ እንዳለው፣ ያለ ቲኬት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሰኔ ሳያልቅ ጋሼ ቤቴ መጣ። ክንዱ ድኗል፣ ጠባሳው ግን ጠቆር ብሎ ቀርቷል። ከጋቢናው የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዞ ገባ። ውስጡ ደፈርፈር ያለ ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ ውስጥ የላባው ቁራጭ ተንሳፍፏል።

«በምን አቆየኸው?»

«በአረቄ።»

ከዚሁ ከጎጃም ይዞት የሄደው አረቄ ነው። ሙዚየሞች 70 በመቶ አልኮል ይጠቀማሉ፤ ለዲኤንኤ ደግሞ ከዚያም የጠነከረ። የሐበሻ አረቄ እዚያ አይደርስም። ቢሆንም ላባው አልበሰበሰም። ጉምሩክ ላይ ጠርሙሱን ከፍተው ቢያሸቱት ምን ይሉት ነበር አልሁ በሆዴ።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ይዘነው ሄድን። ያለን ማይክሮስኮፕ አንድ ነው። መስተዋቱ ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ ከሥሩ የስልክ ባትሪ አብርተን ነው የምንሠራው። ጋሼ ስልኩን ያዘ። እኔ ጫፏን በምላጭ ቆርጬ መስታወት ላይ አደረግሁ፤ በጓንት ነው፣ የሞተም ሊለበልብ ይችላል። ትኩረቱን አስተካከልሁ።

ጽዋዎቹ ነበሩ። በቅርንጫፉ አንድ ወገን ብቻ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰልፈዋል። በየጽዋው ግራና ቀኝ አንዳንድ ትንሽ ቱቦ፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ሦስተኛ። ዘቦቹ ናቸው፤ ጋሼን የወጉት የእነሱ ባልደረቦች ናቸው። ለአሥራ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስሥለው የኖርሁት ወገን ይኸው። ዓይኔን ከመነጽሩ ማንሣት አቃተኝ።

«እስቲ እኔም ልየው እንጂ፣ የኔው ጠላት አይደለም እንዴ!» አለ ጋሼ ገፍቶኝ። አጎንብሶ ብዙ ቆየ። «ጥርስ አለው» አለ ቀስ ብሎ።

በአንድ ወገን የተሰለፈ ጽዋና ሦስት ዘብ የላባዎቹን ቤተሰብ ያሳያል። ከዚያ በታች ለመውረድ የሚወልድባቸው ክፍሎች ያስፈልጋሉ። እኛ የያዝነው ቁራጭ ላይ አልነበሩም። ስለዚህ ማክሮሪንኪያ ፊሊፒና ነው ብዬ አልጻፍሁም። ሽማግሌ ፊት ያለ ምስክር አልቆጥርም። የደረስሁበት ድረስ ነው የጻፍሁት።

ንጹህ አልኮል ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አዛወርሁት። ጠባብ ወረቀት ቆርጬ በእርሳስ ጻፍሁ፤ ቀለም ስለሚሟሟ ነው። አግላኦፌኒዴ። ጅቡቲ ወደብ፣ ከጀልባ ገመድ ላይ። ሰኔ። ከሥሩ የአገር ስም ብዬ «የባሕር ሳማ» ጨመርሁ።

«የሰበሰበው ሰው ስምም ይጻፋል» አልሁት። «ደንቡ ነው።»

ደስ አለው። ኮሌታውን አስተካከለ፣ ፎቶ የሚነሣ ይመስል።

«የቱን ልጻፍ? የክርስትናህን ወይስ የዓለሙን?»

ወረቀቷን አይቶ፣ የቀረውን ቦታ በጣቱ ለካ።

«ጠበብ አድርገህ ሁለቱንም ጻፋቸው» አለኝ። «ኋላ ሁለት ሰው ነው እንዳይሉ ግን መሐላቸው መስመር አድርግበት።»